ካፓሊ ቻርሺ፦ ጣሪያ ያለው አሮጌ ገበያ ከዘመናዊ ሱቅ ጋር ይፎካከራል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ ግቢ ውስጥ አስቆመን። አባቱ መርካቶ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሱቁን ያግዛል፤ ልቡ ግን እዚያ የለም። «ኡስታዝ፣» አለን፣ «የአባቴ አሻሻጥ ጊዜው ያለፈበት ነው። እኩዮቼ ሞል ገብተው ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ አንስተው ከፍለው ይወጣሉ፤ የቀሩት በቴሌግራም ያዛሉ። እኔ ከአንድ ደንበኛ ጋር ለአንድ ቀሚስ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት ስከራከር እውላለሁ። ሱቁን ለቀን ሌላ ነገር እንጀምር ብለው አባቴን ማስቀየም ይሆንብኛል?»

ስለ ወላጅ ሐቅ የጠየቀንን በዚያው መለስንለት። «ገበያው ጊዜው አልፎበታል ወይ?» የሚለው ግን የፊቅህ ጥያቄ አይደለም፤ የታሪክ ጥያቄ ነው። ቤት ገብተን ስናስበው፣ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ፣ ከእኛም በከፋ ሁኔታ የተፈተኑ ነጋዴዎች ትዝ አሉን፤ የኢስታንቡሎቹ። ይህን ጽሑፍ ለዚያ ልጅና ለእሱ ቢጤዎች ነው የጻፍነው።

ኢስታንቡል ሲባል ለብዙዎቻችሁ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው ድራማ ይመጣባችኋል። ገበያ ውስጥ ላደገ ሰው ደግሞ «የቱርክ ዕቃ» የሚጫንባት ከተማ ናት። ላለሊ ከሚባለው ሰፈር ልብስ ሸክፎ የሚመለስ ነጋዴ በየሰፈራችን አለ። ከላለሊ በእግር ጥቂት ሄድ ሲባል አንድ ትልቅ፣ ጉልላት በጉልላት የሆነ ጣሪያ ይታያል። ቱርኮቹ ካፓሊ ቻርሺ ይሉታል፤ «የተሸፈነው ገበያ» እንደማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቀም እንናገራለን።)

ሱልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ ከተማዋን የያዙት በ1453 ነው። ያኔ ሕዝቧ የተመናመነ፣ ብዙ ሰፈሯ ባዶ የቀረ ከተማ ነበረች። ከተማ በወታደር ብቻ እንደማይቆም ሱልጣኑ ያውቁ ነበር፤ ከድሉ ሁለት ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ከ1455 ወደ 1456 በሚያሻግረው የብርድ ወቅት፣ የገበያ ሕንጻ ማሠራት ጀመሩ። በ1461 ገደማ አለቀ። ሕንጻው በደስተን ይባላል፤ ጨርቅ የሚሸጥበት ቦታ ማለት ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው በስምንት ዓምድ ላይ ያረፉ 15 ጉልላቶች፣ መግቢያው አራት በሮች። ቆየት ብሎ ሰንደል በደስተን የሚባል ባለ 20 ጉልላት ሁለተኛ ሕንጻ ተጨመረ። በሁለቱ መካከልና ዙሪያ ነጋዴው ሱቅ በሱቅ ላይ እየቀጠለ፣ በመንገዱም ላይ ጣሪያ እየዘረጋ፣ ዛሬ 61 መንገዶችና ወደ 4,000 የሚጠጉ ሱቆች ያሉት ከተማ መሰል ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር እናንሳ። በደስተኑ የተሠራው ወቅፍ ሆኖ ነው። የሱቆቹ ኪራይ የሚገባው ለአያ ሶፊያ መስጂድ ነበር፤ ለጥገናው፣ ለኢማሙ፣ ለሙአዚኑ፣ ለጠራጊው። ስለዚህ ነጋዴው በየወሩ ኪራይ ሲከፍል ለአንድ ባለሀብት ኪስ አልነበረም የሚከፍለው። ኪራዩ እንደፈለገ እንዲያሻቅብ የሚገፋ ባለቤት አልነበረም። ውሎ አድሮም ነጋዴው «ገዲክ» የሚባል መብት አገኘ፦ በዚያ ቦታ በዚያ ሙያ የመሥራት መብት፤ ከመሣሪያው ጋር ለልጁ የሚተላለፍ። ዛሬ የሱቅ ኪራይ በአንድ ቀን እጥፍ ሆኖበት ዕቃውን በታክሲ ጭኖ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር በደስተኑ ገበያ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባንክ ባልነበረበት ዘመን የከተማው ሰው ወርቁን፣ ገንዘቡን፣ ሰነዱን የሚያስቀምጠው እዚያ ነበር። ሐጅ የሚሄድ፣ ዘመቻ የሚወጣ፣ የየቲም ገንዘብ የሚጠብቅ ሁሉ አደራውን ለበደስተኑ ይሰጥና በሩ ማታ ይቆለፋል፤ ዘበኛ ያድርበታል። ውስጥ ያሉት ሱቆች ግን በር እንኳ አልነበራቸውም፤ ማታ የሚጋረዱት በጨርቅ ነበር።

በ1591 አንድ ጉድ ሆነ። ከአሮጌው በደስተን 30,000 የወርቅ ሳንቲም ጠፋ። ከተማው ተናወጠ። ገበያው ለሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ ሰዎች እየተያዙ ተገረፉ። በመጨረሻ ገንዘቡ ከወለል ምንጣፍ ሥር ተገኘ፤ ሌባውም እዚያው ሚስክ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ሆነ። ልብ በሉ፤ አንድ ስርቆት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲወራ መኖሩ ራሱ ምን ያህል ብርቅ እንደነበር ይመሰክራል። በእኛ ዘመን የአንድ ቀን ዜና ሆኖ በቀረ ነበር።

አሻሻጡስ? የድሮው ሱቅ «ዶላፕ» ይባላል፤ ቁም ሳጥን ማለት ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ነጋዴው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው ከኋላው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ ተዘርግቶ አይታይም። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለም፤ «ኑ ግቡ» ብሎ የሚጎትት የለም። ገዢው ከፊቱ ይቀመጣል፤ ይጫወታሉ፤ ቡና ይቀርባል፤ ከዚያ ዕቃው ይወጣል። ጌጣጌጥ ሠሪው በአንድ መንገድ፣ ጫማ ሰፊው በሌላው፣ ቆብ ሠሪው በሌላው ነው። የመንገዶቹ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ሙያ ይጠራል፤ ሙያው ከጠፋ በኋላም ጭምር።

ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ዘመናዊ ነኝ የሚል ሰው «ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ አንድ ቦታ ምን ያጋፋዋል?» ይላል። ጥቅሙ ለገዢው ነው። አንዱ ዋጋ ቢጨምር ጎረቤቱ አለ፤ አንዱ የተበላሸ ዕቃ ቢሸጥ ጎረቤቱ ያውቃል። ጨርቅ አዋቂ የሆነ ሰው የሚታለለው ብቻውን ከቆመ ሱቅ ሲገዛ ነው እንጂ፣ መቶ ጨርቅ አዋቂ ከሚያየው ሱቅ አይደለም።

በዚህ ላይ ተቆጣጣሪ ነበር። ለመሠረታዊ ዕቃዎች ቃዲው «ነርሕ» ያወጣል፤ ይህ የመሸጫ ዋጋ ነው። ሙሕተሲቡ ሚዛን ይመረምራል፤ ዳቦ ይመዝናል፤ የጨርቅ ጥራት ያያል። በ1502 በሱልጣን ባየዚድ ዳግማዊ ዘመን ለቡርሳ ከተማ የወጣው የኢሕቲሳብ ሕግ ምርትና ዋጋን በዝርዝር የደነገገ ነው። የሙያ ማኅበሩም የራሱ ቅጣት ነበረው። ቱርኮች ሰው ከክብሩ ሲወርድ «ጫማው ጣሪያ ላይ ተጣለ» ይላሉ። መነሻው ሲተረክ፣ መጥፎ ጫማ ሰፍቶ የሸጠ ሰው ጫማው ሰው ሁሉ እንዲያየው ሱቁ ጣሪያ ላይ ይወረወር ነበር ይባላል። ሌላም ይተርካሉ፦ ጠዋት «ሲፍታሕ» ያደረገ፣ ማለትም የዕለቱን የመጀመሪያ ሽያጭ ያገኘ ነጋዴ፣ ሁለተኛ ገዢ ሲመጣበት «ጎረቤቴ ገና አልሸጠም፣ ከእሱ ግዛ» ብሎ ይልከዋል። ትረካ ነው፤ ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነበር ብለን አናምንም። ግን አንድ ገበያ ስለራሱ የሚያወራው ተረት ምን መሆን እንደሚፈልግ ይናገራል።

የዚህ ሁሉ ሥር የት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ከመስጂዱ ሌላ ለሙስሊሙ የራሱን ገበያ እንዳቋቋሙ፣ ግብርም እንዳልጣሉበት ታውቃላችሁ። በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከሥር ያለውን እርጥበት ያወጡበትንም ሐዲስ ሰምታችኋል። ሙሕተሲብ የሚባለው ሥራ ከዚያ እጅ የተወረሰ ነው።

ግን ታሪክ ስንናገር የሚያምረውን ብቻ መርጠን ብናወራ እኛም ከሥር እርጥቡን ደብቀን ደረቁን ከላይ ያደረግን እንሆናለን። የሙያ ማኅበሮቹ ለአዲስ ሰው በር የዘጉ ነበሩ፤ ልጅህ እዚያ ካልተወለደ መግባት ከባድ ነው። ጉቦ የሚበላ ሙሕተሲብም ነበር። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ፣ ከዚህ ገበያ አጠገብ ሰው የሚሸጥበት የባሪያ ገበያ መኖሩ ነው። ከተሸጡት መሐል «ሐበሽ» ተብለው የተመዘገቡ የእኛው ምድር ልጆች ነበሩ። ያ ገበያ የተዘጋው በሱልጣን ዐብዱልመጂድ ዘመን፣ በ1840ዎቹ ነው። ስለ ኦቶማን ገበያ ውበት ብቻ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ስታዩ ይህንንም አስታውሱ።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። በ1838 የኦቶማን መንግሥት ባልታ ሊማን ላይ ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ስምምነት ፈረመ። በስምምነቱ መሠረት የእንግሊዝ ነጋዴ ለሚያስገባው ዕቃ 5 በመቶ ከፍሎ በግዛቱ ሁሉ ይሸጣል። የአገሬው ነጋዴ ግን የራሱን ዕቃ ከአንዱ የገዛ አገሩ ከተማ ወደ ሌላው ሲወስድ 8 በመቶ የውስጥ ቀረጥ መክፈሉ ቀጠለ። ደግማችሁ አንብቡት፤ አልተሳሳትንም። በዚያ ላይ የማንቸስተር ጨርቅ በማሽን የተሠራ ነው፤ በእጁ የሚሸምነው ሰው በዋጋ ሊደርስበት አይችልም። ሌሎቹ የአውሮፓ መንግሥታትም ተመሳሳይ ውል አስፈረሙ።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። በ1850 በበደስተኑ የነበረው ኪራይ ከሃያ ሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ኪራይ የወረደው ባለቤቱ አዝኖ አይደለም፤ የሚከራይ ጠፍቶ ነው። አቅም ያላቸው ነጋዴዎች፣ በተለይ የግሪክ፣ የአርመንና የአይሁድ ነጋዴዎች፣ ወንዙን ተሻግረው ወደ ፔራና ገላታ ሄዱ (ወንዝ የምንለው ሐሊች የሚባለውን የባሕር ክንድ ነው)። እዚያ የመስታወት መስኮት ያላቸው የአውሮፓ ዓይነት ሱቆች ተከፈቱ። ኦሮስዲ-ባክ የሚባለው ድርጅት በኢስታንቡል፣ በካይሮ፣ በኋላም በባግዳድና በሌሎች የዐረብ ከተሞች ባለ ብዙ ፎቅ ሱቆችን ከፈተ። ልብስ፣ ሽቶ፣ ሳህን፣ የልጅ መጫወቻ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነ።

እነዚህ ሱቆች በምን አሸነፉ? በርካሽ ዕቃ ብቻ አይደለም። በ1852 ፓሪስ ውስጥ ቡሲኮ የሚባለው ነጋዴ በቦን ማርሼ ሱቅ የጀመረውን አሠራር ይዘው መጡ፦ ዋጋው በዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ለሚኒስትርም ለሠራተኛም አንድ ነው። ገብተህ አይተህ ሳትገዛ ብትወጣ የሚቆጣህ የለም። ካልወደድከው መመለስ ይቻላል።

እኛ ይህን ስናነብ ቆም አልን። አንድ ዋጋ፣ ዕቃን ሳይደብቁ ማሳየት፣ ያልተስማማን ዕቃ መልሶ መቀበል። እነዚህን እኮ እኛ መድረሳ ውስጥ በፊቅህ ኪታብ የተማርናቸው ናቸው። በዕቃው ላይ ያለን ዐይብ መናገር ግዴታ እንደሆነ፣ ዐይቡ ከተደበቀ ገዢው የመመለስ ኺያር እንዳለው «ኪታቡል ቡዩዕ» ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። የፔራ ሱቆች ያመጡት እንግዳ ነገር አልነበረም። አሮጌው ገበያ በደህናው ዘመኑ ሲጠብቀው የነበረውን፣ ሙሕተሲቡና ማኅበሩ ሲዳከሙ ከእጁ የወደቀውን አማና አንስተው መስታወት ውስጥ አስቀመጡት። ገዢው የሄደው አማናው ወደሄደበት ነው። ዛሬም ልጆቻችን ሱፐርማርኬት ሲገቡ የሚገዙት ስኳሩን ብቻ አይደለም፤ ኪሎው ኪሎ መሆኑን ነው። እኛ ኹጥባ ላይ ስለ ሚዛን እንናገራለን፤ ከመስጂዱ በር ሃምሳ እርምጃ ርቀን ሽንኩርት ስንገዛ ግን ሚዛኑን በዓይናችን እንከተላለን።

በ1894 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ካፓሊ ቻርሺ ክፉኛ ፈረሰ። ጥገናው እስከ 1898 ቆየ፤ ሲጠናቀቅ ገበያው ከቀድሞው ጠበብ ብሎ ነበር። አሠራሩም ተለወጠ፦ መደቡና ቁም ሳጥኑ ቀርቶ የፔራን ዓይነት ባለ በር፣ ባለ መስታወት ሱቅ ገባ። ሰንደል በደስተን፣ የጨርቅ ነጋዴዎቹ በአውሮፓ ጨርቅ የከሰሩበት ባለ 20 ጉልላቱ ሕንጻ፣ በ1914 በከተማው አስተዳደር ተገዝቶ በማግስቱ ዓመት የጨረታ አዳራሽ ሆነ። አንድ አስተዋይ ሰው በዚያ ቀን እዚያ ቆሞ ቢሆን «ይህ ገበያ አለቀለት» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ አንፈርድበትም።

ግን አላለቀለትም። ያለቀለት ማን እንደሆነ እንንገራችሁ። ኦሮስዲ-ባክ ከኢስታንቡል ጠፍቷል። የካይሮው ቅርንጫፍ «ዑመር አፈንዲ» የሚል ስም ይዞ ለትውልድ የግብፅ መካከለኛ መደብ የሚለብስበት ሱቅ ነበር። በጀማል ዐብዱናስር ዘመን ተወረሰ፤ በ2006 ለሳዑዲ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ2011 ፍርድ ቤት ሽያጩን ሰረዘው፤ በመሐሉ ሱቁ መደርደሪያው ባዶ የሆነ አሮጌ ዕቃ ሆነ። ዘመናዊው ሱቅም ያረጃል፤ ለዚያውም በፍጥነት። እሱ ያረጀበትን ዘመን ካን አል-ኸሊሊም ካፓሊ ቻርሺም ቆመው አይተውታል። በ1943 እና በ1954 እንደገና እሳት በላው፤ በ1959 እንደገና ተጠግኖ ተከፈተ። በ1988 ኢስታንቡል ውስጥ ጋለሪያ የሚባለው የቱርክ የመጀመሪያ ዘመናዊ ሞል ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሞሎቹ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ገበያው ግን አልተዘጋም።

ታዲያ አሸነፈ ማለት ነው? ወደ ውስጥ ገባ ብለን እንይ፤ በአንዱ ጣሪያ ሥር ሁለት ገበያ ነው ያለው።

አንደኛው የቱሪስቱ ገበያ ነው። በ2014 አንድ የጉዞ መጽሔት ካፓሊ ቻርሺን በዓለም በብዛት የሚጎበኝ ቦታ ብሎ፣ በዓመት ከ91 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገባበታል ሲል ጽፏል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ግን ጎብኚ እንጂ ገዢ አልተባለም። መብራት፣ ማግኔት፣ ፎርጅድ ቦርሳ፣ ፎርጅድ ሰዓት የሚሸጥባቸው መንገዶች አሉ፤ የቱርክ ሰው የራሱን ቤት ዕቃ ለመግዛት እዚያ አይሄድም። ቀድሞ በየመንገዱ ሲሠሩ የነበሩት ባለሙያዎች ኪራዩን አልቻሉም፤ ብዙዎቹ በዙሪያው ወዳሉት አሮጌ ኻኖች ፎቅ ወጡ። የወቅፉ ንብረት በዘመናት ወደ ብዙ እጅ ተበታትኖ ጣሪያውን ለማደስ እንኳ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ብቻ ዓመታት ወስዷል። ሱቅ ለማስፋት ብለው ግድግዳና ዓምድ የጠረቡ ነበሩ፤ ጣሪያው የቆመበትን ዓምድ! በ2020 ኮሮና ሲመጣና ገበያው ለሁለት ወር ያህል ሲዘጋ፣ ከተከፈተ በኋላም ቱሪስት ሲቀር፣ እነዚህ መንገዶች ጭር አሉ። ለአላፊ አግዳሚ ብቻ የሚሸጥ ሰው አላፊው ሲቀር ጎረቤት የለውም።

ሁለተኛው የወርቁ ገበያ ነው። እዚህ ያለው ነገር ፍጹም ሌላ ነው። ቱርክ ውስጥ ለሙሽራ ወርቅ ይሰጣል፤ ለተወለደ ልጅ ወርቅ ይሰካል፤ ገንዘቡ እየረከሰ ሲሄድ ሰው ቁጠባውን በወርቅ ይይዛል። የወርቅ ዋጋ የሚሰማው ደግሞ ከካፓሊ ቻርሺ ነው። አንድ የኢስታንቡል ወጣት፣ ሞል ውስጥ ቡናውን እየጠጣ፣ ስልኩን ከፍቶ «ካፓሊ ቻርሺ ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ያያል። የባንኩ የዶላር ዋጋና የገበያው ዋጋ በተለያየባቸው ወራት ሰው የሚያምነው የገበያውን ነበር። ለምን? ግራሙ ግራም ስለሆነ፣ ካራቱ ካራት ስለሆነ፣ የሸጠልህ ሰው ነገ በተነገረው ዋጋ መልሶ ስለሚገዛህ፣ ጎረቤቶቹም ስለሚያውቁት። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሰው አደራውን ያስቀምጥ የነበረበት ያው ቦታ ነው። ሕንጻው አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ፉክክሩም አንድ ሆኖ፣ ሰው የሚተማመንበትን ሥራ የያዘው ክፍል ሞሉን አልፈራም፤ ጌጥ ሆኖ የቀረው ክፍል ግን በአውሮፕላን ትኬት ላይ ተንጠልጥሏል።

ኢራን ውስጥ ያለውን የተብሪዝ ገበያም በአጭሩ እንጥቀስ። ዩኔስኮ በ2010 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ለማደስ ሲጀመር ነጋዴው አላመነም፤ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ቻለ። ጥቂት መንገዶች ታድሰው ሥራው ሲታይ ነጋዴዎቹ ራሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከወጪው አብዛኛውን የሸፈኑት እነሱ ናቸው። እዚያ የገበያው ሰው እዚያው የሚገዛ የከተማው ሰው ነው፤ ቱሪስት ቀረ አልቀረ ሥጋውንም ምንጣፉንም የሚገዛው ከዚያ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መርካቶ የጣሊያን ቃል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀድሞ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ ነበር፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች አራዳን ለአውሮፓውያን ሰፈር ብለው፣ «የአገሬውን ገበያ» ወደ ምዕራብ ገፉት። እንግዲህ መርካቶ የተወለደው ራሱ ለዘመናዊው ሱቅ ቦታ ልቀቅ ተብሎ ነው! የተገፋው ገበያ ግን ዋናው ሆነ። አንዋር መስጂድ አጠገቡ ቆመ፤ አባቶቻችን ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከሐረር መጥተው ተራ በተራ ሞሉት። ሰማንያ ምናምን ዓመት ሆነው። በዘመናችን ነጋዴዎቹ በአክሲዮን እየተደራጁ ሕንጻ ሠሩ፤ ተራው መሬት ለመሬት የነበረው ወደ ላይ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ደግሞ፣ ያ እሳት የካፓሊ ቻርሺን የ1701 እሳት አስታወሰን። እነሱ ከዚያ እሳት በኋላ የእንጨቱን ጣሪያ በጡብ ቅስት ለወጡ፤ የእኛ ምን እንደሚሆን ገና እያየን ነው።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጭታ አልነገርነውም። በሁለት ሦስት ቀን፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ አወራነው። ስለ ገዲኩ ሲሰማ ሳቀ፤ ስለ ዋጋ መለጠፉ ሲሰማ ግን ዝም አለ። «ኡስታዝ፣ እሱን እኮ እኛም ልናደርገው እንችላለን፤ ማን ከለከለን?» አለ።

በሚቀጥለው ሰኞ በነጭ ወረቀት ላይ የሜትር ዋጋ እየጻፈ በየጨርቁ ጥቅል ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘ። አባቱ ከዙሁር ሲመለሱ አይተው አብዛኛውን ነቀሉት። «ደንበኛዬን ልታባርር ነው? ሰው ካልተከራከረ ያልገዛ ይመስለዋል» አሉት። ሐሙስ ዕለት አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ለልጃቸው ኒካሕ ጨርቅ ሊገዙ ገቡና፣ ሳይነቀል የቀረ አንድ ወረቀት አይተው «ይኸ ለሁሉም ነው ወይስ ለእኔ የተጻፈ?» ብለው ጠየቁ። አባትየው ትንሽ ዘገዩ፣ ከዚያ «ለሁሉም ነው እናቴ» አሉ። በዚያው ዋጋ ሰባት ሜትር ቆረጡላቸው።

ትናንት በዚያ ስናልፍ ገባ ብለን አየን። ግማሹ ጥቅል ላይ ዋጋ አለ፤ ግማሹ ላይ የለም። ልጁም ገና እዚያው ነው።

ወሏሁ አዕለም።